ያልረጋው እርጎ

ዘሪቱ ቅዳሜ ጠዋት ካዛንቺስ ባለው ቤቷ፣ የእርጎ ብርጭቆዋን ሳትጨርስ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቃ ሞተች። ብርጭቆው ውስጥ መርዝ ተገኘ። ጎረቤት ግን ፖሊስን አልጠበቀም። «ጭንቀታም አልነበረች? ራሷን ነው» ብሎ ፈርዶ ጨረሰ። የሰው አፍ መቼ ይደክመዋል!

ራሱን ለገደለ ፍትሐት የለም። የንስሐ አባቷ የፖሊስን ቃል እየጠበቁ ነው። ታላቅ እህቷ አየለች የኢንስፔክተር ፋኢዛን እጅ ያዘች።

«ልጄ፣ እህቴን እንደ ውሻ አታስቀብሪያት!»

ባሏ መርጋ ሶፋው ላይ አቀርቅሯል። «በዘራቸው ነው» አለ። «እናቷም ስትጨነቅ ኖራ ነው የሞተችው። ማታ ሁለታችን ብቻ ነበርን፣ ማንም አልመጣም፣ ደህና ነበረች። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ አዳማ ወጣሁ። የጠዋቱን በምን አውቃለሁ?»

የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጁ ኢፍቱ «በዘራቸው» የሚለውን ስትሰማ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። ሌሊቱን ወሎ ሰፈር አክስቷ አየለች ቤት ነበር ያደረችው።

ፋኢዛ ወጥ ቤት ገባች። መደርደሪያው ላይ የኢፍቱ እርጎ ማንኪያ ቢያቆሙበት ይቆማል። የዘሪቱ ትራፊ ግን ወተት እንደሆነ ቀርቷል።

«እትዬ አየለች፣ እርጎውን ማን ያረጋል?»

«ራሷ፣ ማታ ማታ። አንዱን ለሷ፣ አንዱን ለልጇ። ሐኪሟ ነው የነገራት። ጭንቀት በዘር ቢመጣም ዘር ብቻውን አይወስንም፣ አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም እጃቸው አለበት፣ እርጎ ይረዳሽ እንደሆን ሞክሪው አላት። በእርጎው ይሁን በሌላ እንጃ፣ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ሰኞ ፍቺ ልትጠይቅ ነበር። ሳሪስ ሌላ ሴት አለው እያለች ስትነግረን እሱ ‹ጭንቀቷ ነው› ስላለን እኮ አላመንናትም!»

«ስትጠጣ ምን አለች?»

«እኔና ኢፍቱ መግባታችን ነበር። ‹ዛሬስ አልረጋልኝም› አለች። ‹መድኃኒትሽ አይደል፣ ጠጪው› አልኳት። ምነው አፌን በቆረጠው!»

ፋኢዛ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ ቄሱም ገቡ።

«ወተቱ አንድ ነው፣ እርሾውም አንድ» አለች። «ወተት የሚያረጋው ባክቴሪያ ነው። መርዙ ጠዋት ቢጨመር ኖሮ የረጋ እርጎ ላይ ነበር የሚጨመረው። አልረጋም። ማታውኑ ገብቶ ባክቴሪያውን ቀድሞ ገድሎታል። እትዬ አየለችና ኢፍቱ ማታ እዚህ አልነበሩም። ዘሪቱም አይደለችም፤ መርዙን ራሱ የጨመረ ሰው አልረጋልኝም ብሎ አያማርርም። ማን ቀረ፣ አቶ መርጋ?»

መርጋ ሊስቅ ሞከረ። «ማለቴ… በእርጎ ልትከሱኝ ነው?»

«ስለ ሳሪሷ ሴት ባነሳች ቁጥር ‹ጭንቀቷ ነው› እያሉ አፏን ያዘጓት ነበር። ሲሻላት ግን ሰው ሊያምናት ሆነ።»

«አሥራ ስምንት ዓመት!» ብሎ መርጋ ከሶፋው ተነሳ። «አሥራ ስምንት ዓመት ጭንቀቷን ተሸከምኩላት! በመጨረሻ የተሻላት እኔን ለማዋረድ ነው?»

ቄሱ ቀስ ብለው «ፍትሐቱ ይደረግላታል» አሉ። አየለች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

እጁ ላይ ካቴና ሲገባ ኢፍቱ ፊቱ ቆመች።

«የእማዬ ዘር ይዞኝ ይሆን እያልኩ ስፈራ ነው የኖርኩት» አለችው። «ለካስ መፍራት የነበረብኝ ያንተን ነው።»