ሦስቱ የጭስ ወረቀቶች

ሐምሌ 11 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ አባቴን በላቸውን ሞቶ አገኘሁት። ቀሐ ወንዝ ዳር ባለው ግቢያችን፣ በአሮጌዋ ነጭ መኪናው ውስጥ፣ መሪውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሞተሩ ይሠራል። ዝናብ ስለነበር መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ፊቱ ቀላ ብሎ ስላየሁት የተኛ መስሎኝ ነበር።

ከመኪናዋ ጭስ ማውጫ ሥር የአትክልት ማጠጫ ጎማ ተጋድሟል። መከራ ያመጣብን ያ ጎማ ነው።

ሐኪሙ የገደለው የመኪና ጭስ ነው አለ። ግቢያችን ግን ጣሪያ የሌለው ክፍት ግቢ ነው። ታዲያ ጭሱ በምን በኩል ገባ? ሰፈሩ እስከ ቀትር መልሱን አግኝቶ ጨረሰ፤ በላቸው ጎማውን ሰክቶ ራሱን አጠፋ ተባለ። ምክንያትም ተበጀለት። መኪናዋ የጭስ ምርመራ ሦስት ጊዜ ወድቃ ቦሎ ተከልክላለች፤ እናቴ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት የምትመላለሰው በእሷ ነው፤ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ ነው።

የንስሐ አባታችን የለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ራሱን ያጠፋ እንደሆነ ፍትሐት የለውም። ፖሊስ ቃሉን እስኪሰጥ ቀብሩ ይቆይ» አሉኝ። አባቴ አርባ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲሠራ አንዲት ቁጥር አጭበርብሮ አያውቅም። ያለ ጸሎት እንደ ውሻ ሊቀበር ነው ብዬ አበድኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ሸዋረጋ መጡ። አጭር፣ ጠይም ሴት ናቸው፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ስለ አባቴ ጠባይ፣ ስለ ጠላቶቹ ይጠይቁኛል ብዬ ስጠብቅ «መኪናዋ ምርመራ የወደቀችው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«ምኑን አውቄው? መካኒኩን ይጠይቁ!»

መካኒኩ ካሴ የአባቴ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ነው። ከድንኳኑ ጥግ አስጠሩት።

«አያ ካሴ፣ ይህች መኪና ለምን ወደቀች?»

«አርጅታ ነዋ! እኔስ ሌሊቱን ሙሉ ሳስል አይደል የማድረው? ማን ምርመራ ጣለኝ?»

«ምኗን ነክተዋል?»

«ካንዴላ ቀየርኩ። የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ። ግንቦት ላይ ካርቡሬተሯ ተሰንጥቆ ቆላ ዛሪማ ስትሠራ ከኖረች አምሳያ መኪና ላይ ፈትቼ ገጠምኩላት። ሸጋ ካርቡሬተር ነው።»

«ጭሱስ ከግንቦት በፊት እንዲህ ነበር?»

ካሴ ራሱን አከከ። «እንዲህስ አልነበረም።»

ትዕግሥቴ አለቀ። «አባቴ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ተኝቶ እናንተ ስለ ካርቡሬተር ታወራላችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ኢንስፔክተሯ አልተቆጡም። «አበቡ፣ አባትሽን የገደለው የዚህች መኪና ጭስ ነው። ስለ እሷ ካልጠየቅሁ ስለ ማን ልጠይቅ?»

ከዚያ ነጭ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልለው ጎማው ውስጥ አስገቡና አሽከርክረው አወጡ። ሌላ ወረቀት ደግሞ ጭስ ማውጫው ውስጥ አስገቡ። ሁለቱንም በእጄ አስያዙኝ። የጎማው ወረቀት በውኃ ርሶ ትንሽ አረንጓዴ የውኃ ሽበት ይዟል። የጭስ ማውጫው እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል።

የአባቴን ሦስት የምርመራ ወረቀቶች ተቀብለው አነበቡ፤ ቁጥሮቹን እየተመለከቱ ቆዩ። ቀጥለው ተከራያችንን አናጢውን ዳኛውን ጠሩት። የሥራ ዕቃው ሁሉ በረንዳው ላይ ነበር። ድሪሉን አንሥተው ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይህን ምን በላው?»

«አይንገሩኝ! እኔ እንጨት ነው የምበሳበት። አንዱ ብረት በስቶበታል። አንዴ ቢሆን ምንም አልልም፤ ያለፈው ሳምንት አዲስ ጫፍ ገዝቼ ብገጥም እሁድ ደግሞ እንዲሁ ተበልቶ አገኘሁት።»

«ማን?»

«ግቢው የዘመድ ግቢ ነው፤ የሚወስድ አያስፈቅደኝም።»

«ሐምሌ 7 መኪናዋን ለምርመራ የወሰዳት ማን ነበር?»

«ጌትነት ነዋ፣ ልጁ። ሲመለስ እንኳ ሥቄበታለሁ። በዚያ ዶፍ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ በስብሶ ገባ። ‹ጥምቀት ገና ነው እኮ!› አልኩት።»

ወንድሜ ጌትነት ፂሙን ሳይላጭ እናቴ አጠገብ ተቀምጧል። ኢንስፔክተሯ ዝቅ ብለው ጠየቁት።

«ሐምሌ 7 መኪናዋን ምን አደረግህላት?»

«ምንም። አባዬ ተናዶ ስለነበር እኔ ወሰድኳት። ወደቀች፤ መለስኳት።»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ ሁላችንንም መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰቡን፤ እናቴን፣ ጌትነትን፣ ካሴን፣ ዳኛውን፣ የንስሐ አባታችንንም። ከሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ምንጣፉን ገለጡት። ወለሉ ላይ አራት ክብ ቀዳዳዎች ታዩ፤ ጠርዛቸው ጥላሸት ነው። በቀዳዳዎቹ ቁልቁል የጭስ ቧንቧው ይታያል። እሱም አራት ቦታ ተበስቷል።

«አባታችን፣ መጀመሪያ ለእርስዎ» አሉ ወደ ቄሱ ዞረው። «እንዲህ ጥላሸት የምትተፋ መኪና ጭስ በዚህ ጎማ አልፎ ቢሆን ኖሮ ውስጡ ይጠቁር ነበር። በውስጡ ያለፈው ውኃ ብቻ ነው። ሟች ጎማ አልሰካም። ጭሱ የገባው በዚህ ወለል ነው።»

«የበሳው ካሴ ነው!» አልኩ።

«አያ ካሴ ብረት በእሳት ነው የሚበሱት፤ ጠርዙ ይቀልጥ ነበር። ይህ በድሪል የተበሳ ነው። ዳኛው ድሪል አለው፤ የመኪናዋ ቁልፍ ግን የለውም።» ወረቀቶቹን ዘረጉ። «ሰኔ 14 መርዛማው ጭስ ሰባት በመቶ፣ ኦክስጅኑ ግማሽ በመቶ። ሰኔ 28 ያው ነው። ሐምሌ 7 ግን መርዙ ወደ አምስት ወረደ፤ ኦክስጅኑ ወደ ስድስት ወጣ። ሞተር ተጠግኖ ቢሆን ኦክስጅኑ እንዲህ አይዘልም። ቧንቧው ተበስቶ አየር ስቦ ነው፤ በዚያው ቀዳዳ ጭስም ያፈስሳል። ጭሱን በአየር አቅጥኖ መሣሪያውን ማታለል ነው። መርማሪው ከሥር ሲያይ እንዳይታየው የበሳው ሰው ከላይ፣ ከውስጥ ጀመረ። ለማለፍ ከአራት ተኩል በታች ያስፈልጋል፤ ትንሽ ቀረው። ስለዚህ እሁድ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። ሁለቱን እዩአቸው፤ ዝገት ጀምሯቸዋል። ሁለቱ አዲስ ናቸው። የሰኞውን ሞት ያመጡት እነዚህ ናቸው።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቶቹን ሰበሰቡ።

«በሐምሌ 7 ዶፍ መስኮቱን ከፍቶ የነዳ ሰው ጭሱ እንደሚገባ ያውቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

ጌትነት ጭቃው ላይ ተንበረከከ። «ለእማዬ ብዬ ነው! ሰኞ ለአራተኛው ምርመራ አባዬን ‹አሙቃት› አልኩት። መስኮት ክፈት ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ለምን ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ማጭበርበር እንደማይወድ ታውቃላችሁ። የምርመራዋ ቀን ትለፍና ነገ እደፍነዋለሁ ብዬ... »

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ካሴ ግን መኪናዋን እያየ «ታዲያ መጀመሪያ ለምን ወደቀች?» አለ።

«ደባርቅ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ከዛሪማ የሊማሊሞን ዳገት ወጥተው የሚመጡ አሮጌ መኪኖች ደጋ ሲደርሱ ጥቁር ጭስ ይተፋሉ። ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ነው፤ ለቆላ አየር የተለካ ቤንዚን ለደጋ ስስ አየር ይበዛል። ካርቡሬተሩ ደኅና ነበር፤ የቆላ ልክ መሆኑ ነው እንጂ። ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ማጥበብ ነበር።»

ካሴ እጆቹን አየ። «ከሰኔ ጀምሮ እዚያው ካርቡሬተር ፊት ቆሜ ስፈታ ስገጥም... » አለ።

አባቴ በማግስቱ በሙሉ ፍትሐት ተቀበረ። ጌትነት በፖሊስ መካከል ሆኖ አፈር ጣለ። ኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ተፈረደበት።

መስከረም ላይ ፖሊስ መኪናዋን መለሰልን። ካሴ ወለሉን በየደ፤ ቧንቧውን ቀየረ፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ጣት የማታህል የቤንዚን ማሳለፊያ ናስ አውጥቶ ጠባብ ቀዳዳ ባላት ተካት። ሥራው አርባ ደቂቃ ፈጀ። መስከረም 20 ቀን እኔ ነድቼ ወሰድኳት። በአንዴ አለፈች።