የተዛወረው ምልክት

የጡት ምስል የምታነበው ሐኪም በአልትራሳውንድ ክፍሏ ወለል ላይ ተደፍታ ተገኘች። ራሷ ተፈንክቷል። አጠገቧ ባለጎማዋ የብረት በርጩማ ተጋድማለች፤ ጠርዟ ደም ነክቶታል። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነበር።

የተጠራችውን መርማሪ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ሬቷ» ይሏታል። ታውቃለች፤ ደስ ይላታል እንጂ አትቀየምም። ሬሳውን ያገኘው ራጅ አንሺው ጥግ ይዞ ቆሟል።

«ዛሬ ማንን አየች?»

«አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻ። ሦስት ሰዓት ላይ ቀዶ ጥገና የምትገባውን። ምስሉን አላተመችውም፣ ለማንም አልላከችውም። እዚሁ ማሽኑ ላይ ነው ያለው።»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«ማሞግራም ላይ። የሰው ጡት ጨምቄ ይዤ የት እሄዳለሁ? በሽተኛዋን ይጠይቋት፤ እስካሁን እየረገመችኝ ነው።»

ኮሪደሩ ላይ የልብስ ሰፊዋ ባል ይንጎራደዳል። ክንዱ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

«ሟቿ ላይ ዝተህባታል አሉ» አለችው ሬቷ።

«ሁለቴ ቀጠሮ አራዘመችብን፤ ‹እፈነክትሻለሁ› አልኳት። ምላሴ ነው የሚፈነክተው፣ እጄ ዶሮም አያርድ። ጠዋቱን ሙሉ ለሚስቴ ደም ስሰጥ ነው የቆየሁት። ቀዶ ሐኪሙ አንድ ለእናቱ ነው፤ ዛሬ ካመለጠን ሌላው የሚመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። እጢዋ አራት ወር ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል?»

ቀዶ ሐኪሙ እጁን እየታጠበ ነበር። ቀና ብሎም አላያት።

«ከትናንት ወዲህ ሟቿን አላየኋትም። ከቤቴ በቀጥታ ወደ ሥራዬ።»

«እጢዋ ያለችበትን በምን ያውቃሉ?»

«ምስር የምታክል ነች፤ በእጅ አትዳሰስም። ባለፈው ሳምንት በተነሳው ኤምአርአይ ነው ቆዳዋ ላይ የማሰምረው። ማስመር የኔ ሥራ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም።»

ልብስ ሰፊዋ አልጋዋ ላይ ሆና አንሶላውን ገለጥ አደረገችላት። ጡቷ ላይ ሁለት ምልክት አለ። አንዱ በአልኮል ተፍቆ ደብዝዟል። ሌላው ሦስት ጣት ያህል ወደ ብብቷ ራቅ ብሎ ደምቆ ይታያል።

«ሁለተኛውን ማን አሰመረው?»

«ራሱ ዶክተሩ። ዛሬ ጠዋት እየሮጠ መጥቶ የትናንቱን አጠፋና ይህን አሰመረ።»

«ሐኪሟስ ስታይሽ ምን አለች?»

«ከንፈሯን መጠጠችና ‹ቆይ ላናግረው› አለች። በቃ። እኔ ግን ገብቶኛል። ኤምአርአዩን ሲያነሱኝ በሆዴ ተኝቼ፣ ጡቴ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነው። የሚቆርጡኝ በጀርባዬ ተኝቼ። እንግዲህ እኔ ያጎነበሰች ሴት ለክቼ ቀሚስ ብሰፋ ደንበኛ ይተርፈኛል?»

ሬቷ ሦስቱንም ወንዶች እዚያው አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ባልየው ደም ሲሰጥ፣ ራጅ አንሺው ማሞግራም ላይ ነበሩ፤ ሁለቱንም አስጠይቄያለሁ። ሟቿ ዛሬ ይህችን ሴት በጀርባዋ አስተኝታ አየቻት። የትናንቱ ምልክት ስህተት መሆኑን አወቀች። ትክክለኛው ቦታ የሚታየው ከክፍሏ ባልወጣ ምስል ላይ ብቻ ነው፤ እጢዋ ደግሞ አትዳሰስም። ዶክተር፣ ምልክቱን አዛውረዋል። ክፍሏ ካልገቡ በየት አዩት?»

ቀዶ ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ስምንት ሴቶች ቆርጫለሁ፣ በዚያው በተደፉበት ምስል እየለካሁ» አለ። «አጣርታ ደርሳበታለች። ከአንዳንዶቹ እጢው ሳይወጣ ቀርቷል፣ ጠርተን እንንገራቸው አለችኝ። ለመንኳት። በሩን ልትከፍት ስትል በርጩማዋን አነሳሁ።»

«ምልክቱን ባይነኩት ኖሮ አልደርስብዎትም ነበር።»

«ምስሉን አየሁት እኮ። ካየሁት በኋላ ጤነኛ ሥጋ ልቁረጥባት?»

በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች በሁለት ወገን ያዙት። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ተደግፋ ተነሳች።

«ዶክተር፣ የአሁኑ ምልክት ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ቆርጦኝ ይሂድ። አንድ ሰዓት ነው የሚፈጅበት አሉ። ቆማችሁ ጠብቁት።»

«አይቻልም፣ እህቴ።»

ሰውየውን ይዘውት ወጡ። ባሏ ጥጡን ከክንዱ ላይ ነቅሎ በጣቱ ያሸዋል። ልብስ ሰፊዋ የሸሚዟን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ቆለፈች።

«ጎበዝ ነሽ፣ እህቴ» አለቻት መርማሪዋን። «ከሰዓት ብትደርሺበት ግን ምን ነበረበት?»