ለጋሼ ሣህሌ ያልተነገረው ብልሽት

አምደሚካኤል ሰው ማስቀየም አይሆንለትም። ምግብ ቤት ገብቶ ሾርባው ቀዝቅዞ ቢቀርብለት «በጣም ይጣፍጣል» ብሎ አሟጦ የሚጠጣ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አብራው የምትኖረው ባለቤቱ ፋናዬ በዚህ ጠባዩ ስትስቅበት ኖራለች። ይሉኝታው ፋብሪካ ድረስ ተከትሎት እንደሚሄድ ግን አላወቀችም ነበር።

አምደሚካኤል ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥቶ መሐንዲስ የሆነ ነው። የሚሠራበት ትንሽ ፋብሪካ ለካልኩሌተር አንጎል የሚሆኑ ጥቃቅን ቺፖችን ያመርታል። ቺፕ ብቻውን ግን አይረባም፤ ከፀጉር የቀጠኑ የወርቅ ሽቦዎች ተበይደውለት መታሸግ አለበት። በዚያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ዓመታት፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ሥራ ወደ እስያ እየላኩ ነበር። አለቃው ሚስተር ኮል «ሁሉንም እዚሁ ቤታችን እንሥራው» ቢልም፣ አምደሚካኤል «ውድ ማሽን ከምንገዛ እዚሁ አቅራቢያ ኢንግልዉድ ውስጥ ሽቦ የሚበይድ ወርክሾፕ ያለው የታመነ ሰው አለ» ብሎ አሳመነው። የታመኑት ሰው ጋሼ ሣህሌ ናቸው። ቀድመውት አሜሪካ የገቡ መሐንዲስ ሲሆኑ፣ እሱ ሲመጣም ተቀብለው ቤታቸው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ሥራው ሰምሮ ቆየ። ከፋሲካ ወዲህ ግን ከጋሼ ሣህሌ ወርክሾፕ ከሚመለሱት ቺፖች መካከል ሽቦ የተነቀለባቸው ይበዙ ጀመር። አምደሚካኤል ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የተበላሹትን ለቅሞ ካርቶን ውስጥ ይሸሽጋል። ጋሼ ሣህሌ ደውለው «እንዴት ነው ሥራችን?» ሲሉት ደግሞ «እጅዎ ይባረክ!» ይላል።

«ለምን አትነግራቸውም?» አለችው ፋናዬ።

«በምን አፌ? ቤታቸው ያኖሩኝን ሰው ሥራዎ ተበላሸ ልበላቸው? ራሳቸው ፊክስ ያደርጉታል።»

«ካልነገርካቸው በምን ያውቃሉ?»

አምደሚካኤል ወሬ ቀየረ።

ብልሽት ደግሞ ዝም ስላሉት አይጠፋም። አንድ ዓርብ ሚስተር ኮል ደረሰበትና «ሰኞ ውሉን አፈርሳለሁ፤ ማሽን ገዝተን እዚሁ እንሠራለን» አለ። ጋሼ ሣህሌ ሌላ ደንበኛ የላቸውም። ውሉ ፈረሰ ማለት ወርክሾፑ ተዘጋ ማለት ነው። አምደሚካኤል ያን ቀን ምሳ እንኳ አልበላም።

በማግስቱ የተበላሹትን ቺፖች በካርቶን ይዞ ኢንግልዉድ ሄደ፤ አንድም ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ከፋሲካ ጀምሮ?» አሉ ጋሼ ሣህሌ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እጅዎ ይባረክ እያልክ?»

«እንዳይከፋዎት ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ቤቴ ሲዘጋ ደስ ሊለኝ ነው?» ጮኹበት። «አንተ ልጅ፣ ያከበርከኝ መስሎህ ነው? ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር!»

ተቆጥተው ሲበቃቸው ቺፑን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገቡት። ሽቦው የተነቀለው ከሥሩ ያለውን የቺፑን ስስ የአሉሚኒየም ልባስ ይዞ ነው።

«ሶ፣ አሉሚኒየሙ እንደ ድሮው ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

አምደሚካኤል ሊመልስ አፉን ሲከፍት ነገሩ ገባው። በፋሲካ ሰሞን ፋብሪካው የአሉሚኒየሙን ውፍረት ቀንሶታል፤ ለጋሼ ሣህሌ ግን የነገራቸው የለም። ማሽናቸው በድሮው ኃይል እየተጫነ ስሱን ይገነጥለዋል። ጥፋቱን በሆዱ የጫነው በሳቸው ላይ ነበር፤ በጣም አፈረ።

«አየህ» አሉ ጋሼ ሣህሌ፣ ድምፃቸው ለስልሶ፣ «በአንድ ጣራ ሥር ብንሠራ ኖሮ ሻይ ስንጠጣ እሰማው ነበር። ውጭ ካሠራህ ግን መናገር አለብህ።»

የማሽኑን ጫና ቀነሱና ሞከሩ፤ ሽቦው ቢጎትቱት አልነቀል አለ። ሰኞ ጠዋት አምደሚካኤል የፋብሪካውንም የራሱንም ጥፋት ለሚስተር ኮል ተናገረ። ሰውየው ፊቱ ቢቀላም ውሉን አላፈረሰም፤ አምደሚካኤል በየሳምንቱ ኢንግልዉድ እየሄደ ሥራውን እንዲያይ ብቻ አዘዘው።

ወገኖቼ፣ ሥራን በቤት መሥራትም ለሌላ መስጠትም ያባት ነው። ለሰው ሰጥተን ጉድለቱን በይሉኝታ ስንደብቅ ግን፣ የዚያኑ የምናፍረውን ሰው እንጀራ እንዘጋለን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአምደሚካኤል ስልክ ጮኸ።

«ዛሬ የላካችሁት ቺፕ በደንብ አልታጠበም» አሉ ጋሼ ሣህሌ ያለ ሰላምታ። «እንዲህ ያለ ቆሻሻ አልቀበልም፤ መልሼዋለሁ፣ ኦኬ?»

«ኦኬ፣ ጋሼ!» አለ አምደሚካኤል። እንዲህ የተከበረበትን ቀን አያስታውስም።