የማንግ ኦጆ ዝናብ

ኒላም መልእክቱን ለሦስተኛ ጊዜ ስታነበው ጣቶቿ ላይ የቀረው ሩዝ ደርቆ ነበር።

«ኒላምዬ፣ ቪዲዮአችሁ ደቂቃ ሃያ ሦስት ላይ የአባቴን ሳህን ሰማሁ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ዘግየት ብሎ አንዴ። የዛሬ ዝናብ ነው ብላችኋል። አባቴ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ጋሪውን የሚገፋው ማን ነው?»

የጻፈችው የማንግ ኦጆ ልጅ ኢሮህ ናት። ታይዋን ውስጥ፣ ሃያኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። ለአባቷ ቀብር እንኳ መምጣት አልቻለችም። ማንግ ኦጆ የመንደሩ ሁሉ አጎት ነበሩ፤ ማንግ የሚሏቸውም ለዚሁ ነው። የስጋ ድብልብል በሾርባ በጋሪ እያዞሩ ይሸጡ ነበር። ሰው የሚጠሩት በአፋቸው ሳይሆን ሳህን በማንኪያ እየመቱ ነበር። ቲንግ ቲንግ... ቲንግ።

ኒላምና የክፍል ጓደኛዋ ዳዳን ቻናላቸው ላይ የሚጭኑት ዝናብ ብቻ ነው። ዝናብ ሲመጣ ኒላም ስልኩን በፕላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ታስራለች፤ ከዚያ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ በመንደሩ መሃል ትራመዳለች። ዝናቡ የሙዝ ቅጠሉን ይመታል፣ ቆርቆሮውን ይመታል፣ በቦዩ ውስጥ እያጉረመረመ ይወርዳል። ሰው ዝናብ ለመስማት ስልክ ይከፍታል ቢሏት ድሮ ትስቅ ነበር። ለካ አገሩ ሁሉ እንቅልፍ አጥቷል! የሱራባያ ከተማ ሹፌር ይጽፍላታል፣ የማካሳር ከተማ አራስ ትጽፍላታለች። በእያንዳንዱ ቪዲዮ ሥር «የዛሬ ዝናብ፤ ያልተቀጠለ፣ ያልተቀባባ» የሚል ቃል አለ፤ ሰዉም በዚያ ቃል ተማምኖ ዓይኑን ይከድናል።

ዘንድሮ ግን በጋው አልሄድ አለ። የሙዙ ቅጠል ጠወለገ፣ ቦዩ ደረቀ። ተመልካቹ «ዝናባችን የት ገባ?» እያለ ሲነዘንዛቸው፣ ዳዳን ሳይጭኑት የቀረ ያምና ቪዲዮ አገኘ። «የዛሬ ነው ብለን እንጫነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ» አላት። እሷም እሺ አለች። ጥፋቱ የሁለቱም ነው።

የፈሩት ይደርሳል። ኒላም እጇን ታጥባ ወደ ዳዳን ቤት ሮጠች። በረንዳው ላይ ተጋድሞ የተጠበሰ ሙዝ ይበላል።

«አቦ አታካብጂ!» አላት መልእክቱን አንብቦ። «ጋሪውን አንድ ልጅ ተረክቦታል በያት። እሷም ደስ ይላታል፣ እኛም እንተርፋለን። ማን ይጎዳል?»

«ጋሪው ውስጥ'ኮ ዶሮ ናት የተኛችው!»

«ታዲያ ከታይዋን ሆና ዶሮዋን አታያትም!»

ኒላም ሳቋ አመለጣት፤ መሳቋም አበሸቃት።

ዳዳን ተነስቶ ተቀመጠ። «ስሚኝ። እውነቱን ከተናገርን ማንም አያምነንም። የቱ የዛሬ ነው፣ የቱ የድሮ ነው ሲሉን ምን እንመልሳለን? ሁለት ዓመት ሙሉ የበሰበስሽው ለምንድን ነው?»

ዳዳን ያለው እውነት ነው፤ የሚያሳምመውም እሱ ነበር።

ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። እግሯ የማንግ ኦጆ ጓሮ አደረሳት። ጋሪው ዛፍ ሥር ቆሟል፤ ዶሮዋ የሳህኑ ሣጥን ውስጥ ተኝታ በአንድ ዓይኗ ታያታለች። ኒላም አቧራው ላይ ተቀመጠች፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ስልኳ ላይ የቀረውን ሙሉውን ቪዲዮ ከፈተች። ዳዳን ሳይቆርጠው በፊት የነበረውን።

ዓይኗን ጨፈነች። ዝናቡ በቀስታ መጣ። የደረቀው ጓሮ የረጠበ መሰላት፣ አቧራው የጠጣ መሰላት፤ ራሷም ከዚያ ቀን ጋር አብራ የምትራመድ መሰላት። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች፣ ዝናቡ ግን አላቆመም። ቲንግ ቲንግ... ቲንግ። ቀጥሎ ተቆርጦ የወጣው የማንግ ኦጆ ድምፅ መጣ።

«ኒላም! ሰዉ ከዝናብ ይሸሻል፣ አንቺ ታሳድጅዋለሽ?»

የራሷን ሳቅ ሰማች። ከዚያ እንደገና ማንግ ኦጆ፣ «ይቺን ለኢሮህ ላኪልኝ፣ ልጄ። እሷ ያለችበት ፎቅ ዝናቡ ድምፅ የለውም አሉ፤ መስኮቱ ላይ ዝም ብሎ ይወርዳል ትለኛለች። የቤቷን ቆርቆሮ ትስማ።»

«እሺ ማንግ።»

እሺ ብላቸው ነበር። ከዚያ ግን ንግግር ገብቶበታል፣ ተበላሽቷል ብለው እሷና ዳዳን ቪዲዮውን ተዉት፤ እሷም ቃሏን ረሳችው። ዶሮዋ ፊት አለቀሰች፣ ማንም ስላላያት ደህና አድርጋ አለቀሰች።

ሲወጣላት ስልኩን አነሳች። «የዛሬ ዝናብ» የሚለውን አጠፋችና ጻፈች፦ «ያምና ዝናብ። ዛሬ ነው ብለን ዋሸናችሁ።» ሙሉውን ቪዲዮ ደግሞ ለኢሮህ ላከችው፤ ከሥሩም «ጋሪውን የሚገፋ የለም። ይህን አባትሽ ላኪላት ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የዘገየሁት» አለች።

ዳዳን በብስክሌቱ ሲደርስ ላቡ ይንጠባጠባል። አዲሱን ጽሑፍ አይቶታል።

«አርባ ሰው ቻናላችንን ትቶ ሄደ» አላት። ስልኩን ደግሞ አየ። «አርባ አንድ።»

ዳዳን እንዳኮረፈ ጋሪው አጠገብ ቁጭ አለና ዶሮዋን በጣቱ ነካ አደረጋት።

«ኢሮህስ?»

«ከፍታዋለች። ሃያ ደቂቃ ሆኗታል።»

ሁለቱም ስልኩ ላይ ደቂቃውን መቁጠር ጀመሩ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት። ከጓሮው ቀርከሃ ላይ አንድ ደረቅ ቅጠል ወደቀ። ሃያ ሦስት ሲሞላ ዳዳን ፊቱን ወደ ጋሪው አዞረ፤ ኒላምም እንዳላየችው ሆነች።

ከዚያ ተነስታ ስልኩን ደረቷ ላይ አሰረች፤ ዛሬ ፕላስቲኩ አላስፈለጋትም።

«ምን ልትቀርጪ ነው?» አላት ዳዳን። «ዝናብ የለም'ኮ።»

«የለም ብለን እንጽፋለን።»

መንገዱን ጀመረች። ደረቁ ቅጠል ከእግሯ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ከሩቅ አንድ ሰው እንጨት ይፈልጣል። ዳዳን ትንሽ አመነታ። ከዚያም ኮቴው እንዳይሰማ ጫማውን አውልቆ ተከተላት።