የአርባ ሦስቱ ጀሪካኖች ወረፋ

መጋቢት 17 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በአቃቂ ከባቡሩ ሐዲድ በላይ ባለው ሰፈር ውሃ መጣ።

በሌላ ቦታ ይህ ዜና ላይሆን ይችላል። እዚህ ግን ውሃ ከጠፋ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። እማማ አማረች እንደ ዘወትሩ ሲያልፉ የቦኖውን ቧንቧ ነካ ቢያደርጉት፣ ሁለቴ ሳለና ተፋ።

"መጣች!" ብለው ጮኹ። ሰፈሩ በነጠላ ጫማ ወጣ።

ውሃው ቀላ ያለ ነበር።

"ዝገት ነው" አሉ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ የሺዋስ። ሊቀመንበር ዝገት ያውቃል። ሦስት ጀሪካን ተሞላ። ሁለት ሰው ጠጣ። አራተኛው ጀሪካን እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቧንቧው ታነቀ።

አንዱ መሰላል ወጥቶ የታንከሩን ክዳን አነሳ። መውጫውን የወተፈው የቦኖ ጠባቂው የጋሽ ጣሰው ጋቢ ነበር። ጋሽ ጣሰውም ጋቢው ውስጥ ነበሩ።

ሳጅን አቻምየለሽ ለመድረስ መኪና አላስፈለጋትም። በሯ ከቦኖው ሃምሳ እርምጃ ነው። ጩኸቱን ስትሰማ ከጓሮዋ ለምሳ የሚሆን ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ጎመኑን ለባሏ ለቀናው አቀብላ ወጣች።

አስከሬኑ ሲወርድ ማጅራቱ ላይ በከባድ ብረት የተመታ ቁስል አየች። ወገባቸው ላይ በሲባጎ የታሰረ ትንሽ የጓጉንቸር ቁልፍ ነበር። የቦኖው ቧንቧ ጓጉንቸር የለውም። ታንከሩም የለውም።

"ይህ ቁልፍ የምንድነው?"

ማንም አላወቀም።

"ልጄ" አሉ እማማ አማረች እጇን ይዘው፣ "ወረፋዬን ወስደውብኛል።"

"እማማ፣ ሰው ሞቶ?"

"እኔ መቼ ገደልኩ? ወረፋዬን ነው ያልኩት።"

ሳጅኗ በትሕትና እጃቸውን አስለቀቀች።

ቦኖውን የሠሩት የሰፈሩ አርባ ሦስት ቤቶች ናቸው። ጉድጓዱን በየተራ ቆፍረው፣ ቱቦውን በትከሻ ተሸክመው። ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚል አስጻፉበት። ሕጉ አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጀሪካን ይደረድራል፤ ጀሪካኗም ባለቤቱን ወክላ ቀንም ሌሊትም ቆማ ታድራለች። በዚህ ሰፈር ሰው አጥር ይገፋል፣ ሚስት ይቀማል። ወረፋ ግን አይነካም።

ጋሽ ጣሰው ከክር ፋብሪካ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጠባቂው ነበሩ። የራሳቸውን ጀሪካን ሁልጊዜ ከሁሉ መጨረሻ ያስቀምጡ ነበር። ይህን ሰፈሩ የትሕትና ምልክት ይለው ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የጥፋት ምልክት ሆነ።

"ሰው ለምን ጭራ ላይ ይቆማል? ሌላ መቅጃ ቢኖረው ነው!" አለ አንዱ።

"ውሃውን ለመኪና አጣቢዎች ሲሸጥ ነው ከነሱ ጋር የተጣላው" አለች ሌላዋ።

እስከ ማታ ድረስ ነገሩ ምስክር የማያስፈልገው እውነት ሆነ። ዕድሩ ተሰብስቦ ተወያየና የጋራ ሀብት ለሰረቀ ሰው ድንኳን እንደማይተከል ወሰነ። ውሳኔው በጭብጨባ ጸደቀ።

ሚስታቸው መሰለች አላለቀሰችም። ሳጅኗን በሩ ላይ አገኘቻት።

"ገዳዩን ብታገኚው ጥሩ ነው" አለች። "ባታገኚውም እግዜር ያገኘዋል። ሌባ ያሉት ግን እዚሁ የተባለ ነው፣ እዚሁ ነው የሚነሳው። ሌባ እንዳልነበረ ከአፋቸው ልስማ። ሌላ አልፈልግም።"

"ይህን ቁልፍ ታውቂዋለሽ?"

መሰለች አገላብጣ አየችው። "የዕቃ ሳጥናችን ጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ረቡዕ ከሰዓት ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ ነቅሎ ይዞት ወጣ። 'ምን ልትቆልፍበት ነው?' ስለው፣ 'ነገ ወረፋው ፊት ትሰሚዋለሽ' አለኝ።"

በማግሥቱ ሰፈሩ ተጠርጣሪ አዋጣ። ለቦኖው ካዋጡት ወዲህ እንዲህ በአንድ ልብ ያዋጡት ነገር አልነበረም። ባለሱቁ ሀይረዲን ነው አሉ። ባለፈው ወር ተራ ሳይጠብቅ ሁለት በርሜል ሊሞላ ሲል ጋሽ ጣሰው በሰው ፊት መልሰውታል። ከቀትር በፊት የሱቁ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ማን እንደ ሰበረው የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም አዘኑለት።

"ዝተህባቸዋል ይባላል" አለች ሳጅኗ።

"ዝቻለሁ። በዛትኩ ቁጥር ሰው ቢሞት አቃቂ ባዶ ትሆን ነበር።"

"ረቡዕ ማታ የት ነበርክ?"

"ሳሪስ፣ ወንድሜ ጋ አደርኩ። ሚስቴን ናዕማን ጠይቂያት፤ እስካሁን ተቆጥታኛለች።"

"ማን ሊጠላቸው ይችላል?"

ሀይረዲን የተሰበረውን መስታወት መልቀም ጀመረ። ከዚያ፣ "ሳጅን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አላት። "ውሃ በሌለበት ሳሙና ይሸጣል?"

"አይሸጥም።"

"እኔ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ሁለት ካርቶን ጨርሻለሁ።"

"ማን ገዛህ?"

"ማን ያልገዛኝ በይ።"

"አንተስ በምን ታጠብክ?"

ሀይረዲን መስታወቱን መልቀሙን ቀጠለ።

ሳጅን አቻምየለሽ ወደ ቦኖው ተመለሰች። ሰፈሩ ሁሉ ከሳሪስ በአህያ እያስጫነ እንደሚጠጣ ምሎላታል። ሐሙስ ውሃ ከገባባቸው አራቱ ቀጥሎ የቆመችውን ጀሪካን አነሳችና በአፏ ወደ ውስጥ አየች። የሸረሪት ድር። ቀጥሎ ያለችውን አየች። ድር። ዘጠነኛዋ ውስጥ ሸረሪቷ ራሷ ነበረች፤ አልተደናገጠችም፤ የለመደችው ቤቷ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በላይ የነዚህን ጀሪካኖች ሆድ ውሃ አልነካውም። እዚህ የቆሙት ለመታየት ነው።

ሃያ ሦስተኛዋ የራሷ ነበረች። ጊዜ ስላጠራት ወደ እሷ አላጎነበሰችም።

ወደ ጭራው ስትደርስ እማማ አማረች ከጀሪካናቸው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። የእሳቸዋ ውስጧ ንጹሕ ነበር፤ ቂጧ በመጎተት ሳስቷል። የሚቀዱት ከወንዝ ነው።

"ወረፋዬን አላስመለስሽልኝም" አሏት።

ሳጅኗ ለመጀመሪያ ጊዜ አጎንብሳ ሰማቻቸው።

"ማነው የወሰደብዎ?"

"ይቺ እጀታዋ በሽቦ የተጠፈረችው። የዘአማኑኤል ናት፣ የቧንቧ ሠራተኛው። ስንት ጊዜዋ ከኋላዬ፣ ከኋላዋ ደግሞ የጣሰው። ረቡዕ ጀንበር ስትጠልቅ ከኋላዬ ነበረች። ሐሙስ ጧት ከፊቴ ተገኘች። ነውር አይደለም?"

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ እንዳሉ ናቸው። የጣሰው ግን አፏ ወደ ሐዲዱ ዞሮ አደረ። ጣሰው አፏን ወደ ታንከሩ ነው የሚያዞራት።"

ሳጅኗ ቀና ብላ ታንከሩን አየች። መሰላሉ የሚቆመው ከወረፋው ጭራ በላይ ነው። ከባድ ነገር ወደዚያ የጎተተ ሰው መጨረሻዎቹን ጀሪካኖች መጣሉ አይቀርም። ጥሎም መልሷቸዋል። በቦታቸው።

አንዷን ብቻ አሳልፎ።

ዘአማኑኤል ቤቱ በር ላይ ቱቦ ሲቆርጥ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ እጁ ንጹሕ፣ ሰላምታው ረጅም።

"ረቡዕ ማታ የት ነበርክ?"

"ቤቴ። የሁለት ሰዓት ዜና እያየሁ።"

"ጀሪካንህ ግን ወጥታ ነበር።"

ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ አለቀበት።

"እማማ አማረችን ቀድመሃቸዋል" አለችው። "አርባ ሁለቱን በቦታቸው አቁመህ፣ የራስህን አንድ እርምጃ አሳለፍካት። ለምን?"

ዘአማኑኤል መጋዙን አስቀመጠ። ሌላ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ መልስ ነበረው። ለዚህ አልተዘጋጀም።

"ወድቀው ነበር" አለ ቀስ ብሎ። "ሳነሳቸው ከእማማ ፊት ክፍት ቦታ አየሁ። እጄ ነው ያደረገው። እኔ እኮ… እኔ ውሃ አያስፈልገኝም።"

"ለምን አያስፈልግህም?"

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ቦኖው ሳይሆን በደንብ ፈሰሰ።

ከታንከሩ በላይ ዋናው ቱቦ የሚያልፍበት የሲሚንቶ ጉድጓድ አለ። ዘአማኑኤል ከዚያ ስውር መስመር ቀጠለ። መጀመሪያ ለአንድ ቤት ነው። "አንድ ቤት ቢቀዳ ታንከሩ ምን ይጎዳል?" አለው ባለቤቱ፤ እውነቱን ነበር። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፤ እሱም እውነቱን ነበር። ለእያንዳንዱ "ካንተ በቀር ማንም የለውም" ብሎ በመድኃኔዓለም ይምልለታል። እያንዳንዱም እንዳይነቃበት ጀሪካኑን ወረፋው ላይ ይተዋል። ታንከሩ ጠብታ እስኪያጣ ድረስ።

"ስንት ቤት ነው?"

"አርባ አንድ።"

ከአርባ ሦስቱ የጋሽ ጣሰውና የእማማ አማረች ሲቀነስ ስንት እንደሚቀር ሳጅኗ አላሰበችም።

"ጋሽ ጣሰው ረቡዕ ደረሱበት። የስውሩን መስመር መዝጊያ ዘግተው የጉድጓዱን ክዳን ቆለፉበት። ቤቴ ውሃ ቀጥ ሲል ገባኝና ወጣሁ። ታንከሩ ሲሞላ ቆመው እየሰሙ ነበር፤ ደስ ብሏቸዋል። 'ነገ ወረፋው ፊት ስም በስም እጠራለሁ' አሉኝ። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። እስር አልፈራሁም፣ ሳጅን። አርባ ቤት እየማልኩ የገባሁበት ነው። ሁሉም እኩል እንደሆነ ቢሰማ ይገድለኝ ነበር።"

"እና ቀደምክ።"

"በቧንቧ መፍቻው። አንዴ ነው። ቁልፉ ወገባቸው ላይ እንዳለ የገባኝ ታንከሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። ጓጉንቸሩን መስበር ደግሞ ይሰማል።" ቀና ብሎ አያት። "ስማቸውን ልጥራልሽ?"

ሳጅን አቻምየለሽ ማስታወሻዋን አጠፈች።

"ለግድያው አያስፈልግም" አለች።

ቅዳሜ ጋሽ ጣሰው ተቀበሩ። የዕድሩ ድንኳን ገዳይ በመያዙ ሳይጠየቅ ራሱ መጥቶ ቦኖው አጠገብ ተተከለ። ከቀብር መልስ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አቶ የሺዋስ ሰማያዊው ጽሑፍ ስር ቆሙ።

"ከመካከላችን አንድ የበሰበሰ ሰው ወጥቷል" አሉ። "ስውር መስመሩ ወደ ዘአማኑኤል ቤት ብቻ የሚሄድ ነው። ውሃችንን የጨረሰብን እሱ ነው። ጋሽ ጣሰው ንጹሕ ነበሩ፤ ሰፈራችንም ንጹሕ ነው።"

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሳጅኗም ነቀነቀች። መሰለች ከአፋቸው ሰማች። የፈለገችው ይህን ነበር፤ ግን አልተቀመጠችም።

"ጣሰው የዘጋውን ልክፈተው" አለች።

"ምን ያደርግልሻል?" አሉ አቶ የሺዋስ።

"ወደ አንድ ቤት ብቻ ከሆነ የሚፈሰው እዚያ ብቻ ነው። ምን ይጎዳል?"

መሰለች ወደ ሳጅኗ መጥታ እጇን ዘረጋች። ቁልፉ ሳጅኗ ኪስ ውስጥ ነበር። ቀናው ከኋላ ክንዷን ያዛት።

"አቻሜ፣ እንዳትሰጫት።"

"ለምን?"

ቀናው መሬት መሬት አየ። አቻምየለሽ በሑዳዴ ሙሉ የበላችው ጎመን ትዝ አላት፤ ለምለም ነበር፤ 'በዕቃ ማጠቢያው ነው የማጠጣው' ይላት ነበር፤ እሷም የትኛው ዕቃ፣ በየትኛው ውሃ ብላ ጠይቃው አታውቅም። እጇ ግን ቁልፉን ይዞ ተዘርግቶ ነበር። መሰለች ወሰደችው።

ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። መሰለች ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ መዝጊያውን እስከ መጨረሻው አዞረችው።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም።

ውሃ ሲጠፋ ቧንቧን ከፍቶ መተው የአገሩ ልማድ ነው፤ ስትመጣ እንድትሰማ። ከሐሙስ ወዲህ የሰፈሩ ቧንቧ ሁሉ ተከፍቶ ነበር። መጀመሪያ ከአቶ የሺዋስ አጥር ውስጥ ሳል ተሰማ። ከዚያ ከሀይረዲን ሱቅ ጀርባ። ከዚያ ከግራም ከቀኝም፣ ባልዲ ላይ፣ በርሜል ላይ፣ ሲሚንቶ ላይ።

ሊዘጋ የተነሳ አልነበረም። መጀመሪያ የሚነሳው የመጀመሪያው ሌባ ይሆናል። አርባ ቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደ ቆመ፣ ውሃው በየበሩ ስር ብቅ እያለ፣ መንገዱ ላይ እየተገናኘ ቁልቁል ወረደና የለቀስተኛውን ጫማ ነካ።

እማማ አማረች ጣሳቸውን አንስተው ዞር ዞር ብለው በዓይናቸው ለኩ። አንዱ በር ስር የሚወጣው ወፈር ያለ፣ ጥርት ያለ ነበር።

"ለዚህስ ወረፋ የለውም አይደል?" አሉና ሳጅን አቻምየለሽ በር ስር ጣሳቸውን ደቀኑ።