ሐዲዱ ሚካኤል ስንት ዓመቱ ነው?

«ቆዪ፣ መሰላሉን አታነቃንቂው። እዚህ ጋ ሌላ ፊደል አለ» አለች ማርቲ።

ከታች መሰላሉን የያዘችው ጓደኛዋ ኮከብ አንጋጠጠች። «ዝገት ነው እንጂ ምን ፊደል አለ? ቶሎ በይ፣ እጄ ዛለ።»

ማርቲ እርጥቡን ጨርቅ አሸዋ አስነክታ እንደገና ፈተገችው። በግቢው ግራር ላይ በሰንሰለት የተንጠለጠለው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ነው። ወንጂና አካባቢው ስንት ሚካኤል እንዳለ እንጃ፣ ይህኛውን ግን ሰው ሁሉ የሚጠራው በደወሉ ነው፤ ሐዲዱ ሚካኤል። በመዶሻ ሲመታ ድምፁ ሸንኮራውን ሰንጥቆ አዋሽ ዳር ይደርሳል። ጎኑ ላይ 1917 የሚል ቁጥር አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የተመሠረተው በዚያ ዓመት ነው ሲባል ሰፈሩ ኖሯል። ዘንድሮ ደግሞ 2017 ሆነ፤ እንግዲህ ልክ መቶ። ነገ ኅዳር 12 ታቦቱ ሲወጣ መቶኛ ዓመቱ ሊከበር ባነሩ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ቲሸርቱ ታድሏል። ታሪኩን በማይክ የምታነበው ማርቲ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማይክ ግን ይዛ አታውቅም። ከተመረጠች ጀምሮ መስታወት ፊት ስታነብ ነው የከረመችው።

ዝገቱ ሲለቅ ከቁጥሩ አጠገብ የእንግሊዝኛ ፊደሎች ወጡ። ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኢ፣ ኤል።

«ስቲል ይላል። ብረት ማለት ነው።»

«ታዲያ ሐዲድ ከምን ሊሠራ ኖሯል፣ ከሸንኮራ?» ኮከብ ሳቀች።

ማርቲ አልሳቀችም። የቤተ ክርስቲያን ሰው ዓመት ቢጽፍ በግዕዝ ቁጥር ነው የሚጽፈው፤ መቃብሮቹ ላይ ያለው ሁሉ በግዕዝ ነው። ይሄ የፋብሪካ ማኅተም ነው። ሐዲዱ የተሠራበትን ዓመት ነው የሚናገረው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር።

«ኮኪ፣ መቶ ዓመት የሚባለው ልክ አይደለም።»

«ባክሽ አታካብጂ። ነገ እኮ በዓል ነው። በማይክ 'ተሳስተናል' ልትዪ ነው? ሼም ነው።» ኮከብ መሰላሉን በጉልበቷ ደገፍ አደረገችው። «ደግሞ ማን ይጠይቅሻል? የተሰጠሽን አንብበሽ ውረጂ።»

ማርቲ ወርዳ በቀጥታ ወደ ደጀ ሰላሙ ሄደች። እማማ ዘርፉ እዚያ ጥላው ሥር ቁጭ ብለው ለነገው ንፍሮ ሽምብራ ይለቅማሉ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ አባታቸው ሸንኮራ ቆራጭ ነበሩ። ከዚህ ግቢ ጠፍተው የዋሉበት ቀን የለም።

«እማማ፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን መቼ ነው የተሠራው?»

«እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነዋ» አሉ እማማ ዘርፉ፣ ከሽምብራው ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ማርቲ በጣቷ ቆጠረች። ስድሳ ስድስት ዓመት። «ታዲያ መቶ ሲባል ለምን ዝም አሉ?»

«ማን ጠየቀኝ? የሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበራችሁ ሄዶ ሐዲዱን ጠየቀ። ሐዲድ ደግሞ መልስ አይሰጥም።» አንድ ጠጠር አውጥተው ወረወሩ። «ደሞ መቶ ሲሉ ደስ ብሏቸው አየሁ። የሰው ደስታ ማፍረስ ደስ አይለኝም።»

«እኔ ልጠይቅዎታ።»

እማማ ዘርፉ ሰፌዱን አስቀመጡ። ከተቀመጡበት ሆነው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በአገጫቸው አሳዩ። ጥቁር ድንጋይ ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጠማማ። ማርቲ ሁልጊዜ አሠራሩ አስቀያሚ ነው ትል ነበር፣ በሆዷ።

«ድንጋዩ ለምን የማይመሳሰል ይመስልሻል? መኪና አላመጣውማ። እያንዳንዱ ሰው ትከሻው የቻለውን ነው ያመጣው። ቆራጮቹ ከማሳ ሲወጡ ወደ ቤት አይሄዱም፤ ያንን ኮረብታ ታያለሽ? ከዚያ አንድ አንድ ድንጋይ ይዘው ይመጣሉ። ባዶ እጁን የመጣ አይሳለምም ተባለ፣ ተስማሙ። ከመንዝ የመጣ አለ፣ ከከምባታ የመጣ አለ፣ የዚሁ አገር ኦሮሞ አለ። ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ድንጋይ ይቀባበላሉ። እኛ ልጆቹም ይዘን እንመጣለን። የኔን ልታዪው ትችያለሽ፣ ከታች ነው፣ ከደቡብ በር አጠገብ። ዳቦ ታክላለች።»

ማርቲ ተነስታ ሄዳ አየቻት። እውነትም ዳቦ ታክላለች። እጇን ዘርግታ ሸፈነቻት፤ ተመልሳም ደብተሯን አወጣች።

«ደወሉስ?»

«ደወል የት አባቱ ይገኛል? ኑሬ ባቡር የሚባል ሰው ነበር። ሙስሊም ነው፣ ሸንኮራ ወደ ፋብሪካ የሚያመላልሰውን ባቡር የሚነዳ። የተሰበረ ሐዲድ ተጥሎ አየና አለቃውን ጠይቆ አስፈቀደ። ለስምንት ሆነው ተሸክመው አመጡት። 'እኔ ዕድሜዬን ስሄድበት ኖርኩ፣ እናንተ ደግሞ ጩኹበት' አለን። በኋላም አዋሽ ሞልቶ የሠራተኛውን ካምፕ ሲያጥለቀልቀው ይህ ግቢ ከፍታ ስለሆነ ሁላችንም እዚህ ነበርን፤ የኑሬም ቤተሰብ እዚሁ፣ ግራሩ ሥር። አብረን ነው የበላነው።»

«ድንጋይ የተሸከሙትን ስማቸውን ያስታውሳሉ?»

«ስንቱን ልንገርሽ» አሉ እማማ ዘርፉ፤ ከዚያም እየነገሩ ዋሉ። ማርቲ ኑሬን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ስም ጻፈች። ከዚያ ነገ የምታነበውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ደግማ አየችው። «ከመቶ ዓመት በፊት ቀደምት አባቶች ባኖሩት መሠረት» ይላል። ሁለት ገጽ ሙሉ አንድ ሰው በስሙ አልተጠራበትም።

የሰበካ ጉባኤውን ሊቀ መንበር አቶ ሰይፈሚካኤልን በሩ ላይ ባነሩን በሚስማር እያጠበቁ አገኘቻቸው። ባነሩ ላይ «100ኛ» የሚለው ከሩቅ ይነበባል። ማርቲ ስለ ማኅተሙም፣ ስለ እማማ ዘርፉም አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ ከአዳማ እንግዶች ይመጣሉ» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል። «በስድሳ ስድስት ዓመት ማን ይደነቃል? ካልሆነልሽ ወረቀቱን ለኮከብ ስጪያት፣ ታንብበው።»

ማርቲን ከእጇ ማይኩ ሲሄድ ታያት። ሆኖም ደብተሩን ዘረጋችላቸው። «ስሞቹን ይዩልኝ ብቻ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። መሃል ላይ ጣታቸው ቆመ።

«አሳምነው ወልደአማኑኤል» አሉ። «ሦስት ቁጥር ካምፕ። ይሄ አባቴ ነው።»

«አዎ። እማማ ዘርፉ ከሁሉ ትልቁን የማዕዘን ድንጋይ ያመጡት እሳቸው ናቸው ብለዋል። ሁለት ቀን ፈጀባቸው አሉ፤ መንገድ ላይ አሳድረውት።»

አቶ ሰይፈሚካኤል መነጽራቸውን አወለቁ። ግድግዳው ወዳለበት ዞሩ። «ትከሻው ጠማማ ነበር» አሉ። «ሸንኮራ ሲጭን ነው እያልን አደግን። እሱ ምንም አይልም ነበር።»

ደብተሩን አጥፈው መለሱላት። «ባነሩን አላወርድም። ሰው ለፍቶበታል።»

«ያውርዱት አላልኩም።»

«የምታነቢውንም አላየሁትም» አሉና መዶሻቸውን አንስተው ሚስማሩን መምታት ቀጠሉ።

ኮከብ ከግራሩ ሥር ሁሉንም ስትከታተል ነበር። «እና ምን ተባለ? እኔ ነኝ የማነበው?»

«አላወቅኩም» አለች ማርቲ። እውነቷን ነው። ነገ ማይኩን ብትይዝና «ስድሳ ስድስት» ብትል ከላይዋ «100ኛ» ተሰቅሎ ነው። እንግዶቹ እርስ በርስ ሊተያዩ ይችላሉ። ሰው ሊስቅ ይችላል። የተሰጣትን ብታነብ ደግሞ አንድም ሰው አይስቅም፤ ይጨበጨብላታል። እማማ ዘርፉ እንደሆኑ እስከ ዛሬ ዝም እንዳሉ ነገም ዝም ብለው ንፍሮ ያድላሉ።

ደብተሩን ከፈተችው። ሠላሳዎቹ ከነአባታቸው ስም ተጽፈዋል። አንዱ ብቻ ጎደሎ ነበር።

«ነይ ተከተይኝ» አለች ኮከብን።

«የት?»

«ጋሽ አብዱልጀባር ቤት። ሐዲዱን ያመጣው የኑሬ ባቡር ልጅ ናቸው።»

«ቀወጥሽው እኮ» አለች ኮከብ፤ ግን ተከተለቻት።

ሽማግሌው አብዱልጀባር በራፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ማጭድ ይስላሉ።

«አካም፣ ጋሼ» አለች ማርቲ። «የአባትዎን ሙሉ ስም ልጽፍ ነበር። ነገ ሚካኤል ይነበባል።»

«የኔ አባት? እናንተ ጋ?» ሽማግሌው ማጭዱን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ስሙ ኑሬ ገመዳ ነው። ግን እንደሱ ብትጠሪው ማንም አያውቀውም። ኑሬ ባቡር በይው።»

«ሁለቱንም እላለሁ» አለች ማርቲ፤ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋም ጻፈችው።