አራተኛው ጥንድ ጫማ

ማመን ያልፈለገ አይመን። ይህ ግን የሆነ ነገር ነው።

ሂሩትን አውቃታለሁ። አንድ ሆስፒታል ነው የምንሠራው። ነገር የምታጋንን ሰው አይደለችም፤ እንዲያውም የሆነውን ግማሹን የምትውጥ ናት።

ጊዜው 2019፣ የጃንዋሪ የመጨረሻው እሑድ። ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል። ሴንት ፖል አጠገብ ያለችው ሮዝቪል፣ አንድ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

ጨለማ አልነበረም... ይህን ልብ በሉልኝ። ፀሐይዋ ገና አልገባችም።

ሂሩት ከዴንቨር ከመጣች አራተኛ ወሯ ነበር። ይዛ የመጣችው የስድስት ዓመት ልጇን ኤልዳናን፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የኮሎራዶ ዳኛ ፈርሞበታል። የቀድሞ ባሏ በሪሁን መቶ ያርድ እንዳይቀርባት፣ እንዳይደውልላት፣ ሰውም እንዳይልክባት ያዝዛል።

አርብ ዕለት ሴንት ፖል ፍርድ ቤት ሄዳ አስመዘገበችው።

መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ደግ ነበረች። «ሳይመዘገብም እዚህ ይሠራል» አለቻት። «ሲመዘገብ ግን ፖሊሶቹ ኮምፒውተራቸው ላይ ያዩታል። ሰኞ ሲስተም ውስጥ ይገባል። እስከዚያ ወረቀቱ ከእጅሽ አይለይ።»

«ለእሱ ትነግሩታላችሁ?»

«አንነግረውም። አድራሻሽንም ማንም አያየውም።»

ሂሩት መኪናዋ ውስጥ ገብታ አለቀሰች። የእፎይታ ለቅሶ ነበር። እስከ ሰኞ መጠበቅ ብቻ ነው የቀራት።

እሑድ በሩ ተንኳኳ።

ቀስ ብሎ... ሦስት ጊዜ።

በበሩ ቀዳዳ አየች። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ቸሩ ናቸው። ከኋላቸው ጋሽ ቦጋለና ኦቦ ዋቁማ ቆመዋል፤ እነሱም የዕድሩ ሽማግሌዎች ናቸው።

«ሂሩትዬ፣ ክፈቺልን ልጄ። ብርዱ ጨረሰን።»

አድራሻዋን ለዕድር ሰው ሰጥታ አታውቅም። ግን ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ እንዴት አይከፈትም? ይሉኝታ የሚባለው ነገር ቪዛ ሳይጠየቅ አብሮን አሜሪካ ገብቷል። ከፈተችላቸው። «ግቡ» ብላ የጣደችው ወጥ እንዳያርባት ወደ ኩሽና ሮጠች።

ከኋላዋ ጫማ ሲያወልቁ ሰማች። ስትመለስ ሦስቱም ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። በሩ ተዘግቷል።

«የመጣነው ለእርቅ ነው» አሉ ጋሽ ቸሩ። «ልጅ አላችሁ። ያን ወረቀት ለእኛ ስትዪ አንሺለት።»

ሂሩት ደሟ ፈላ። በሪሁን እጇን ሲሰብራት ከእነዚህ ሰዎች አንዱም አልነበረም። ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ሰው እንዳይልክ ይላል። እናንተን መላኩ ራሱ ወንጀል ነው። ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ።»

«ኧረ እሱ አልላከንም ልጄ።»

«እና ማን ላካችሁ?»

ጋሽ ቸሩ ወደ ጋሽ ቦጋለ ዞሩ። ጋሽ ቦጋለ ወደ ኦቦ ዋቁማ።

«እኔማ...» አሉ ኦቦ ዋቁማ፣ «ልጁ የእናንተ ዘመድ መስሎኝ።»

«የቱ ልጅ?»

«ሾፌሩ። ከስብሰባ ስንወጣ መኪና አስነስቶ የጠበቀን። ሂሩትንና ባሏን አስታርቁልኝ፣ ቤቷን አውቀዋለሁ ያለው።»

«ስሙ ማነው?»

ሦስቱም አቀረቀሩ። አንዱ የሌላው ዘመድ እየመሰለው፣ ማን ነህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አፍረው ነው።

«ፊቱንስ?»

«ሻርፕ ጠምጥሞ ነበር... ብርድ ነው ብለን።»

«አሁን የት አለ?»

«ታች። መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብሎ።»

ሂሩት በመስኮት አየች። ግራጫ መኪና ከታች ቆሟል። ሞተሩ ይሠራል፤ ጭሱ ይወጣል።

የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው።

ዞር ስትል ዓይኗ በሩ ሥር ያለው ምንጣፍ ላይ አረፈ። የጋሽ ቸሩ ጥቁር ቦት ጫማ። የጋሽ ቦጋለ ስኒከር። የኦቦ ዋቁማ የበረዶ ቦት።

እና... አራተኛ ጥንድ።

ቡናማ ነው። የግራው ተረከዝ በአንድ ጎን ተበልቷል። ማሰሪያው ነጭ ነው። ያን ነጭ ማሰሪያ ዴንቨር ሳሉ የገዛችለት እሷ ናት።

ላዩ ላይ ያለው በረዶ ገና አልቀለጠም።

«ይሄ የማነው?» አለች በሹክሹክታ።

«የቤቱ ነው ብለን...» አሉ ጋሽ ቦጋለ።

«ስትገቡ ነበር?»

ኦቦ ዋቁማ ጫማውን ትኩር ብለው አዩት። ድምፃቸው ወረደ።

«ስንገባ... አልነበረም።»

ኤልዳና!

ሂሩት ወደ ልጇ ክፍል በረረች። ኤልዳና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታብሌቷን ታያለች። ብቻዋን ናት። ቀና ብላ እናቷን አየቻት፤ ምንም አልደነገጠችም።

«ማሚ፣ ኢዝ ዳዲ ስቴዪንግ?»

አባዬ ያድራል ወይ ነው የምትለው።

ሂሩት ልጅቷን አቅፋ ኮሪደር ላይ ወጣች። ሽማግሌዎቹ በካልሲያቸው ተከተሏት። ለፖሊስ የደወለችው እዚያው ቆማ ነው።

ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ኮምፒውተሩን አየ፤ ትዕዛዙ ገና አልገባም። ወረቀቱን ሰጠችው። ከላይ እስከ ታች አነበበና «ይሄ ይበቃኛል» አለ። ቁም ሣጥኑን፣ አልጋው ሥር፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ሁሉንም ፈተሹ።

ማንም የለም። መስኮቶቹ ከውስጥ ተቆልፈዋል።

ግራጫው መኪናም ሄዷል።

ፖሊሱ ዴንቨር ደወለ። እዚያ ያሉት ባልደረቦቹ በሪሁን ቤት ሄደው እንዲያዩ ጠየቃቸው። አርባ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ስልኩ ጠራ። ፖሊሱ ሰማ... ሰማ... ከዚያ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ቤቱ ነው ያለው» አላት። «በሩን ራሱ ከፈተላቸው። ከዚህ ዴንቨር በመኪና አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። እሱ ሊሆን አይችልም።»

ሂሩት ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት።

«አንድ ነገር ብቻ...» ፖሊሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚያ በረዶ የለም። ካልሲው ግን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ርሶ ነበር አሉኝ። ጫማህስ ሲሉት... ሚስቴ ቤት ረስቼው መጣሁ አላቸው።»

ጫማውን ከረጢት ውስጥ ከትተው ወሰዱት። ሽማግሌዎቹ ታክሲ ጠርተው ሄዱ። ጋሽ ቸሩ በሩ ላይ «ይቅር በይን» ብለው ነበር፤ ሂሩት ይቅር ለማለት አፏ አልታዘዘላትም። እኔ እንኳ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

ያን ሌሊት እናትና ልጅ እኔ ቤት አደሩ።

ሰኞ ጠዋት ልብስ ሊይዙ ተመለሱ። ትምህርት ቤት በበረዶ ተዘግቶ ነበር። ቤቱ እንደተዉት ነው። ኤልዳና አሻንጉሊቷን ላምጣ ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠችና በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

የሂሩት ስልክ ጠራ። የፍርድ ቤቷ ሴትዮ ናት።

«ትዕዛዝሽ ሲስተም ውስጥ ገብቷል» አለቻት። «ከአሁን በኋላ ቢቀርብሽ ወዲያው ይያዛል።»

«አመሰግናለሁ» አለች ሂሩት። ጫማዋን አውልቃ አንድ እርምጃ ተራመደች።

እግሯ ቀዘቀዛት። ረጠባት።

ጎንበስ አለች። ምንጣፉ ላይ የርጥብ እግር ምልክት አለ። የትልቅ ሰው ነው፤ በካልሲ የተረገጠ። ከበሩ ይነሳል... በሳሎኑ ያልፋል... የኤልዳና ክፍል በር ሥር ይደርሳል።

ሁሉም ወደ ውስጥ ያመለክታሉ።

የሚመለስ አንድም የለም።